ልጆች ይዘን ውጭ ልንሄድ ነው፤ እንዴት እናዘጋጃቸው?

አራት ኪሎ አካባቢ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ከቤተሰቡ ጋር ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም። ከወላጆች የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እስክንሳፈር ድረስ ባልነግራትስ?

መልስ፦ እህቴ፣ "ነገር ሳያልቅ አይወራም" ማለትሽ ይገባኛል። ቪዛው እስኪመታ ጠብቂ። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ግን አትደብቂያት። ሻንጣ ሲገዛ ታያለች፣ በሹክሹክታ ሲወራ ትሰማለች። ያልተነገራትን በራሷ ትሞላዋለች፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣባት "ትተውኝ ሊሄዱ ነው" የሚል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ "ሁላችንም አብረን ነው የምንሄደው" በያት። ቀን ከምትቆጥሪላት "ከፋሲካ በኋላ" ብትያት ይገባታል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ልጃችንን ከተወለደ ጀምሮ ያሳደገችው ሞግዚቱ ናት። እንዳያለቅስ ተኝቶ እያለ ብትሄድስ?

መልስ፦ እባካችሁ አታድርጉት። ለብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ከጉዞው ሁሉ የሚከብደው ከሞግዚቱ መለየት ነው። ወላጆች ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ብርዱ ይጨነቃሉ፤ ይሄን ግን ይረሱታል። ሳትሰናበተው የጠፋችበት ልጅ እናቱም እንዲሁ የምትጠፋ ይመስለዋል። ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ስለዚህ ይሰናበታት፣ ያልቅስም። አብረው ፎቶ ይነሱ፤ ፎቶውን አሳጥባችሁ ለሁለቱም ስጡ። የምታስተኛበትን እሹሩሩ በስልክ ቅዱለት። የማትመጣ ከሆነ "በኋላ ትመጣለች" አትበሉት፤ "እሷ እዚህ ትቀራለች፣ እንደውልላታለን" በሉት። ከዚያ ደግሞ በእርግጥ ደውሉ።

ለእሷም ቀድማችሁ ንገሯት። ሥራ ትፈልግ ዘንድ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ያሳደገችውን ልጅ የምታጣው እሷም ናት።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ባለቤቴ ቀድሞን ዋሽንግተን ገብቷል። ልጄ አባቱን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቀው።

መልስ፦ "አባትህን ሰላም በለው" ብቻ ከሆነ ልጅ ይሰለቻል። አባትየው ተረት ያንብብለት፣ ወይ ሁለቱም ስዕል እየሳሉ ያውሩ። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ናት። እኛ ጋ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ረፋድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይመቻል። ኤርፖርት ስትደርሱ "ሂድ ሳመው!" ብለሽ አትግፊው። ቀሚስሽ ሥር ቢደበቅ አባትየው እንዳይከፋው ከአሁኑ ንገሪው። ልጁ ሲለምድ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ክትባት ጨርሰናል። ሌላ መርፌ አለ?

መልስ፦ ወደ አሜሪካ ከሆነ ሊኖር ይችላል። እኛ ጋ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል። እዚያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ12 ወር በፊት የተሰጠውን አይቆጥሩም። የክትባት ካርዱን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ የልደት ሰርተፍኬቱንም አብራችሁ፤ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ስለማይገጥም ሊጠየቅ ይችላል። ልጁን "አያምም" አትበሉት። "ትንሽ ያምሃል፣ ቶሎ ያልፋል" ይሻላል።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ እንዲለምድ ከአሁኑ በእንግሊዝኛ ብቻ ላናግረው?

መልስ፦ አይ ወንድሜ። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ያመጣዋል፤ አማርኛውን ከእናንተ በቀር የሚሰጠው የለም። "ሽንት ቤት እፈልጋለሁ" እና "አሞኛል" ማለትን አስተምረው፣ ይበቃል። እዚያ ሲደርስ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ሊል ይችላል። በአዲስ ቋንቋ ብዙ ልጆች መጀመሪያ ሰሚ ናቸው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

መልስ፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ። ቋንጣ ግን የአሜሪካ ጉምሩክ ይወስድባችኋል። ልጁ አቅፎት የሚተኛው ነገር ከእጃችሁ አይለይ፤ ያረጀ ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ፣ አያት)፦ የልጅ ልጄ ሊሄድብኝ ነው። ፊቱ እንዳላለቅስ ፈራሁ።

መልስ፦ እማማ፣ ቢያለቅሱም ችግር የለውም። "ያለ አንተ እሞታለሁ" ብቻ አይበሉት፤ ሸክሙን ይዞት ይሄዳል። ይመርቁት፣ "ደርሰህ የምታየውን ትነግረኛለህ" ይበሉት። ልጅዎ ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት ስልክዎን ያስተካክልልዎ። ከአሁኑ እርስዎ ሳሎን፣ ልጁ ጓዳ ሆናችሁ በቪዲዮ እየተደዋወላችሁ ተለማመዱ።