አልዞር ያለ አሮጌ የስፌት መኪና፦ ጥያቄና መልስ

አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ተይዞባችሁ የተቸገራችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ፤ ደስ ብሎኛል። የሲንጀር መኪና ሠሪው አይዛክ ሲንጀር በማሽኑ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት መካከል መቶ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ቀጥ አድርገው የሚሰፉ አሉ። "ተበላሸ" ተብለው ጥግ የተጣሉት አብዛኞቹ ደግሞ አልተበላሹም፤ ዘይታቸው ደርቆ ነው።

ሁላችሁንም አንድ ነገር ልለምን፦ መዘውሩን፣ ማለትም በቀኝ በኩል በእጅ የሚዞረውን ጎማ፣ በጉልበት አታዙሩ። መጀመሪያ የት ላይ እንደሚይዝ እወቁ።

ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት ሲንጀር ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሞ ነበር። መዘውሩ ንቅንቅ አይልም። አለቀለት ማለት ነው?

አይደለም፣ እህቴ። ሃያ ዓመት የቆመ ዘይት ቡናማ ሙጫ ይሆናል። እሱ ነው ዘንጎቹን ያጣበቀው።

መጀመሪያ መርፌውን አውጪ። የታችኛውን ክር ከነቦቢኑ፣ ከተጠቀለለበት ከርከሮ ጋር፣ አውጪ። ቺንጋውን ከመዘውሩ አውርጂ። ቦቢን የሚጠቀልለው ትንሽ ጎማ መዘውሩን ተጭኖ እንደሆነም እዪ፤ እሱም ያከብዳል። ከዚያ መዘውሩ መሃል ላይ ያለችውን ክብ ማጥበቂያ አላሊ። እሷ ከላላች በኋላ መዘውሩ ብቻውን ከዞረ ችግሩ ከውስጥ ነው። እሱም ካልዞረ መዘውሩ ራሱ ዘንጉ ላይ ደርቋል፤ ወይም ከኋላው ክር ተጠምጥሞበታል።

ውስጡ ከሆነ ላምባ ያስፈልግሻል። ማሽኑን ወደ ኋላ አስተኝተሽ ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ሁሉ ላይ ጠብታ ጠብታ አድርጊ፤ ከላይ ያሉትን የዘይት ቀዳዳዎችም አትርሺ። በግራ በኩል ያለውን የፊት መክደኛ ፈትተሽ የመርፌውን ዘንግ አጠጪው። አሳድሪው። ጠዋት መዘውሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም በቀስታ ወዝውዢው። እንቢ ካለ ድገሚ። ይህን ሁሉ ደጅ ወይም መስኮት ከፍተሽ፣ እሳት በሌለበት አድርጊ። ሞተር ካለው ሶኬቱን ንቀዪ።

የኔ ይዞራል፤ ግን በየዙሩ አንድ ቦታ ሲደርስ ጠጠር ይልና ያልፋል።

ይህኛው ሌላ በሽታ ነው። የደረቀ ዘይት ዙሩን በሙሉ እኩል ያከብዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ማሽኑ ክር ነክሷል።

በእጅ ባትሪ አብርተህ የቦቢኑን ቤት እይ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ክር፣ የላይኛውን ክር የሚይዘው መንጠቆ በሚዞርበት ቀለበት ጀርባ ተደብቆ አገኘሁት። ከጥፍር የማይበልጥ ጥቁር ክር ነው። ዘይት ጠጥቶ ከብረቱ ጋር አንድ መስሎ ነበር። በመርፌ ጫፍ ስስበው ወጣ፤ መዘውሩም ወዲያው ለቀቀ።

ጨርቅ ከሚገፋው ጥርስ በታችም ክፈትና እይ። የጨርቅ ብናኝ እዚያ ተረግጦ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ይጠነክራል፤ ጥርሱ ሲወርድ ቦታ ያጣል። መርፌው ራሱ ጎብጦ ከሥሩ ያለውን የብረት ሳህን እየነካ እንደሆነም አረጋግጥ። መርፌውን ስታወጣ መያዙ ከቀረ መልሱን አገኘህ።

የምግብ ዘይት ባደርግበትስ?

በፍጹም። መጀመሪያ ያለሰልሳል፤ ሲቆይ ግን እሱ ራሱ ሙጫ ይሆናል። እንደ ውሃ ጥርት ያለውን የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ተጠቀሚ።

ዝገት የሚያስለቅቅ ስፕሬይ ነፋሁበት። ለሁለት ቀን ጥሩ ሠራ፣ ከዚያ ባሰበት።

እሱ ማስለቀቂያ እንጂ ማለስለሻ አይደለም። የድሮውን ዘይት አሟሟው፤ ከዚያ እሱ ተነነና ቆሻሻው መልሶ ደረቀ። ላምባም እንዲሁ ነው። ካስለቀቅክ በኋላ ቡናማውን በጨርቅ እየጠረግክ አውጣ፤ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት አድርግ። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ወርቃማው ጽሑፍና አበባው እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ።

መፍራትሽ ልክ ነው። ከሁሉ የሚጎዳው አልኮል ነው፤ በላዩ ያለውን ቫርኒሽ ያነሳዋል። ስለዚህ አልኮልና ብርቱ ሳሙና ወደ ጌጡ አታስጠጊ። ጌጡን በስፌት መኪና ዘይት በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ ሳትጫኚ ጥረጊው። ላምባው ከፈሰሰብሽ ቶሎ አድርቂው።

የስፌቱን ርዝመት የሚቀይረው እጄታ ወደ ኋላ መስፊያው ላይ ደርቆ ቀርቷል። በመዶሻ መታ መታ ላድርገው?

አደራ፣ ወንድሜ፣ መዶሻውን አስቀምጠው። እጄታው ከተሰበረ ምትኩን ማግኘት ይከብዳል። ከውስጥ በኩል እጄታው የሚያያዝበትን መገጣጠሚያ ፈልግና ላምባ አጠጣው። የፀጉር ማድረቂያ ካለ፣ ላምባው በደንብ ከተጠረገና ከደረቀ በኋላ ያንን ቦታ ሞቅ አድርገው። ላምባ እያለበት ግን ሙቀት አታስጠጋ። ሲሞቅ ደረቁ ዘይት ይለሰልሳል። ያኔ በጣት ብቻ ግፋው። ሦስት አራት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ የኔን አንዱን ለማስለቀቅ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ብሎኑ አልፈታ ብሎኝ ጭንቅላቱ ተላጠ።

ካቻቢቴው ለብሎኑ ጠባብ ሆኖ ነው። ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር መሙላት አለበት። አሁን ዝገት ማስለቀቂያ አድርገህበት አሳድረው። ጭንቅላቱ ከፍ ያለ ከሆነ በፒንሳ ያዘው። መጀመሪያ ትንሽ ወደማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደመፍቻው አዙረው፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ ጭርር የሚል ድምፅ ትሰማለህ።

ጨርቁን የሚረግጠው እግር ወደ ታች አልወርድ ብሎኛል።

ዘንጉ ደርቋል። ላምባ፣ ከዚያ ዘይት።

ላዩ ቀላል ሆኗል፤ ፔዳሉ ግን ከባድ ነው።

ቺንጋውን አውርደሽ ፔዳሉን ብቻውን እርገጪ። ከቀለለ ቺንጋው ከመጠን በላይ ጠብቋል። ካልቀለለ ትልቁ መንኮራኩር የሚዞርበት ዘንግ ላይ ክርና ፀጉር ተጠምጥሟል፤ በምላጭ ቆርጠሽ አውጪው። ፔዳሉ የሚወዛወዝባቸውን ሁለት ጫፎችም ዘይት አጠጪ።

ሁሉን አጽድቼ ገጠምኩ። አሁን መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም!

አትደንግጥ። ከማጥበቂያዋ ጀርባ ያለችውን ቀጭን ቀለበት አውጣት። ወደ ውስጥ የገቡ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሏት፤ እነሱ ዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። የታጠፈው ጫፋቸው ወደ አንተ ይሁን። እንዲህም ሆኖ ካልያዘ ቀለበቷን ግማሽ ዙር አዙረህ ግጠማት።

ጋሼ፣ የአያቴ ሲንጀር ነኝ። ላምባውን ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ዛሬ መዘውሩ አንድ ጣት ያህል ሄዶ ቆመ።

አንድ ጣት ትልቅ ነገር ነው! በርቺ። ገና ዘይት እንዳታደርጊ። የፊት መክደኛውን እንደገና ክፈቺና የመርፌውን ዘንግ እዪው። የሄደው ያህል ያብለጨልጫል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቡናማ ቀለበት ይታይሻል። እሱን በላምባ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊው። መዘውሩን ወደ ኋላ መልሺው፣ እንደገና ወደ ፊት። ነገ ሁለት ጣት ይሆናል።