«ሰው ምን ይለኛል?» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሶሲዮሎጂ ስማር፣ ከዚያም ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ከተማሪዎቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ ግን ከመጽሐፍ የወጣ አይደለም። «እኔማ አልፈልግም ነበር፤ ግን ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ነው። አንዱ ስለ ሠርጉ ይጠይቀኛል። ሌላዋ ትታ መሄድ ስለምትፈልገው ሥራ። አንዳንዱ ደግሞ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሳይወድ ስለሚጠጣው ቢራ። ስለዚህ ጥያቄ የማምንበትን ዛሬ ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያ ይሉኝታን አትናቁት። ጠዋት ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ታክሲ ስትጠብቁ ሰልፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ፖሊስ የለም፣ የተለጠፈ ሕግም የለም። ሰው ግን ተራውን ይጠብቃል። አንድ ጎረምሳ መሀል ሊገባ ሲል መጀመሪያ የሚመጣው ጩኸት አይደለም። ከኋላ ያለው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ሰልፍ ነው እኮ» ትላለች። ልጁ የተደወለለት መስሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርግና ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጅ ያዘለች እናት ስትመጣ ደግሞ ያው ሰልፍ ራሱ ቦታ ይለቃል፤ «ነይ፣ ግቢ እናቴ» ይሏታል። በደቂቃ ውስጥ ሥርዓት ተከበረ፣ ርኅራኄም ተደረገ። ማንም አላዘዘም። ከማያውቁት ሰው ጋር ተቻችሎ መኖር የሚቻለው እንዲህ ነው። ስለዚህ «ነፃ ሰው ማለት ለማንም የማይጨነቅ ነው» የሚላችሁን አትስሙት። እንዲህ ያለ ሰው የሰው ሰልፍ የሚሰብር ሰው ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የማውቃቸው ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ዳሩ። የሙሽራው አባት ድግሱ አነስ ቢል ደስ ይላቸው ነበር፤ ግን «የሴቷ ወገን ንቀውን ነው ይላል» ብለው ፈሩ። የሙሽሪት እናትም አነስ እንዲል ይመኙ ነበር፤ ግን «የወንዱ ወገን ደሃ ናቸው ይለናል» አሉ። ልጆቹማ በፊርማ ብቻ ቢያልቅ ይመርጡ ነበር። ሁሉም ዝም አለ። አዳራሽ ተከራዩ፣ ሊሙዚን መጣ፣ እቁብ ቀድመው አወጡ፣ ከዘመድ ተበደሩ። ከሠርጉ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ነው አራቱም ወላጆች ያንኑ ሲመኙ እንደነበር የታወቀው። አንድም ሰው ያልፈለገው ድግስ ተደገሰ!

እንዲህ የሚሆነው ለምን መሰላችሁ? እያንዳንዳችን የራሳችንን ልብ ከውስጥ እናውቀዋለን። የሌላውን ግን ከአድራጎቱ ብቻ ነው የምንገምተው። እኔ እየተጠራጠርኩ አጨበጭባለሁ። አንተ ሳጨበጭብ ታየኝና «እሱማ አምኖበታል» ትላለህ። አንተም ታጨበጭባለህ። እኔ ደግሞ አንተን አይቼ እበረታለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ የምትፈሩት ሰው እናንተኑ ፈርቶ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል።

ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። አንድ ወጣት ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። አንድ መስመር ይታያቸዋል፤ ከዚያ ከሦስት መስመሮች ከእሱ እኩል የሆነው የቱ እንደሆነ እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። ለሕፃን የሚቀል ጥያቄ ነው። ሌሎቹ ግን ከተመራማሪው ጋር የተስማሙ ናቸው፤ እያወቁ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከተፈተኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከሌሎቹ ጋር ተሳሳቱ።

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ለወጣት ሁሉ የምነግረው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። አሽ ከተስማሙት መሀል አንዱን ብቻ እውነቱን እንዲናገር አደረገው። አንድ ሰው ብቻ! ያን ጊዜ የተፈታኞቹ ስህተት ከቀድሞው ወደ ሩቡ ወረደ። ብዙኃኑ አሁንም ብዙኃን ነበር፤ ያ አንድ ድምፅ ግን ጉልበቱን ሰበረው።

ከዚህ ሁሉ አብልጬ የምወደው ምሳሌ ግን ከዚሁ ከአገራችን ነው፣ ከከምባታ። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ እዚያ ነው የተወለዱት። በልጅነታቸው ተገርዘዋል። እስራኤልና አሜሪካ ተምረው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር «ከምባቲ መንቲ ገዚማ» የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ። መጥተው «ልማዳችሁ ክፉ ነው፣ ተዉት» አላሉም። የአካባቢው ሰው መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር። ድልድዩን አሠሩለት። ከዚያ በኋላ ሰው ጆሮውን ሰጣቸው።

ቀጥሎ ውይይት ጀመሩ። ሽማግሌውም፣ እናቱም፣ ወጣቱም፣ ገራዧም አንድ ላይ ተቀመጡ። አንድ ስብሰባ ተደርጎ በጭብጨባ የተዘጋ ነገር አልነበረም፤ እየተመላለሱ ነው የተነጋገሩት። የነገሩን ቋጠሮ እዩት። እናት «ካላስገረዝኳት ባል አታገኝም» ትላለች። ወንዱ «ያልተገረዘች ባገባ ዘመድ ምን ይለኛል» ይላል። አንዷ እናት ብቻዋን ብትተው ልጇን ያለ ባል ያስቀረች ይመስላታል። አንዱ ወንድ ብቻውን ቢደፍር መሳለቂያ ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለብቻው ምክር መስጠት ቋጠሮውን አይፈታውም። አብረው መተው ነበረባቸው፤ መተዋቸውንም እርስ በርስ መተያየት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። አለመገረዟ አልተደበቀም፣ በይፋ ተነገረ እንጂ። የሴት ልጅ ግርዛትን የሚከለክለው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ (እ.ኤ.አ. የ2004ቱ) የወንጀል ሕግ ያን ጊዜ ገና አልወጣም ነበር። ዩኒሴፍ የደገፈው ጥናት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1999 በአካባቢው ከ100 ሰው 97ቱ ግርዛትን ይደግፍ ነበር። በ2008 ደጋፊው ከ5 በታች ሆነ። በ9 ዓመት ውስጥ! ባህል አይለወጥም ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

እንግዲህ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የከበዳችሁ ልማድ ካለ ከማመፃችሁ በፊት ጠይቁ። በጉባኤ መሀል አይደለም፤ አንድ በአንድ፣ ቡና ላይ፣ መንገድ ላይ። «ይሄ ነገር አንቺን አይከብድሽም?» በሉ። ሦስት ሰው ከጠየቃችሁ በኋላ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ታውቁ ይሆናል። ወይም ሌሎቹ በእርግጥ የሚያምኑበት ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ደግሞ ምክንያታቸውን ስሙ። ብዙ ጊዜ ከእኛ የተሻለ ምክንያት አላቸው።

ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ የምታዩትን እንደ ሰው ሁሉ ሐሳብ አትቁጠሩት። እዚያ የሚሰማው የሚጮኸው ነው፤ ሃሳቡን ይዞ ዝም ያለው አይታይም።

የመጀመሪያው ተናጋሪ መሆን ከከበዳችሁ ሁለተኛው ሁኑ። በእኔ እምነት ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ቢሮ ውስጥ አንዷ ልጅ «ይሄ አሠራር ልክ አይመስለኝም» ብላ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ሲያቀረቅር «እኔም እንደሷ ይመስለኛል» በሉ። ሦስት ቃል ነው። ከስብሰባ በኋላ ኮሪደር ላይ «ጎበዝ፣ ልክ ነሽ» ማለት ግን አይረዳትም፤ ለብቻዋ ቆማ ቀርታለች።

ደግሞም ለመደመጥ ቀድማችሁ ተገኙ። ለቅሶ ድረሱ። ድንኳን ሲተከል እጃችሁን አበድሩ፣ ወንበር ተሸከሙ። ከሰው ጋር ያልዋለ ልጅ ልማድ ልለውጥ ቢል የሚሰማው የለም፤ ባይሰማም አልፈርድም።

አብዛኞቻችሁ የእድር መዋጮ በቴሌብር ትልካላችሁ እንጂ ስብሰባ አትመጡም። ኑ። የለቅሶ ቤት ወጪ በዛ ብላችሁ ታማርራላችሁ፤ አዛውንቶቹ ግን እሺ አይሉም ብላችሁ ትገምታላችሁ። አብሬያቸው ነው የምቀመጠው። «ለእኔስ ስሞት ይህን ያህል ድግስ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ልጆቹ ቅር ይላቸዋል» የሚሉ ብዙ ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን እናንተ አንሱት።