የአባቴን ካሴቶች በምን ላስቀምጣቸው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ኦፕን ሶርስ በሚባሉት ፕሮግራሞች ዙሪያ ናቸው። ኮዳቸው፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነባቸዋል፣ ያሻሽላቸዋል፣ ለሌላው ይሰጣቸዋል። በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም፤ ይህን ይዛችሁ አንብቡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ከአገር ሲወጣ ይዟቸው የመጣ ካሴቶች አሉ። የዘፈኖቹ አያሳስቡኝም። የሚያሳስቡኝ አያቴ ድምፃቸውን ቀድተው በሰው እጅ የላኩልን ናቸው። አንድ ሱቅ ወስጄ አስገለበጥኳቸው፣ ግን ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ራሴ ብሞክረውስ? በምን ፕሮግራም? በምን ዓይነት ፋይል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ራስሽ ሥሪው። ሱቆቹ ብዙ ጊዜ ኤምፒስሪውን ከልክ በላይ ጨምቀው ነው የሚሰጡት። ተጨምቆ የወጣ ድምፅ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ የሱቁን ፋይል እርሺውና ከካሴቱ እንደ አዲስ ጀምሪ።

መጀመሪያ ማጫወቻው። በዩኤስቢ የሚሰኩትን ርካሽ ትንንሽ ማጫወቻዎች ተያቸው፤ ፍጥነታቸው ይዋዥቃል። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ደህና የቤት ዴክ ፈልጊ። ሄዱን፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበውን ትንሽ ብረት፣ በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጊው፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ መውጣቱ እስኪያቆም። ከዚያ ካሴቱን እስከ ጫፍ ወደፊት፣ እስከ ጫፍ ወደኋላ አጠንጥኚው፤ ለዓመታት የተኛ ቴፕ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ካሴቱ ከፊት በኩል መሐሉ ላይ ቴፑን ወደ ሄዱ የምትገፋ ትንሽ ስፖንጅ አለችው። እሷ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይደበዝዛል። ከማይፈለግ ካሴት አውጥቶ መለጠፍ ይቻላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። አያትሽ የቀዱበት ቴፕ ሪከርደር ሄዱ ትንሽ ዘመም ያለ ሊሆን ይችላል። ያንቺ ዴክ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ድምፁም ታፍኖ ይወጣል። ሄዱ አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብለሽ ነካ ነካ አድርጊያት። «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ተያት። ሌላ ካሴት ሌላ ቦታ ሊፈልግ ይችላል፤ አድካሚ ነው፣ ግን ልዩነቱ ያስደነግጣል።

ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ነው። በ2021 ባለቤትነቱ ወደ አንድ ድርጅት ሲዛወርና ድርጅቱ የአጠቃቀም መረጃ ሊሰበስብ ሲያስብ ተጠቃሚው ጮኾ ነበር። ሐሳቡን ተዉት። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ቅር ያላቸው ገልብጠው የራሳቸውን ቅጂ ጀመሩ። ተጠቃሚ በድርጅት ላይ እንዲህ ያለ ጉልበት የሚያገኘው በሌላ በየት ነው?

ስትቀጂ መለኪያው ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ዜሮ ከነካ ድምፁ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን የሚመልስ የለም። ጥራቱ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት ይሁን። ቤተ መዛግብት ከዚህ በላይ ይቀዳሉ፣ ለቤት ካሴት ግን ይበቃል። በዚህ ጥራት ያልተጨመቀ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል። ስትጨርሺ ግን ፍላክ በሚባለው ፎርማት አስቀምጪው። አንድም ነገር ሳይጥል መጠኑን በግማሽ ገደማ ያወርደዋል።

ፍላክን የምመርጠው በመጠኑ ብቻ አይደለም። አሠራሩ በዝርዝር ተጽፎ ለሁሉም የተሰጠ ነው፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሆኖ ወጥቷል። ዛሬ ያለው ማጫወቻ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ የልጅ ልጅሽ ሰነዱን አንብባ አዲስ ማጫወቻ መጻፍ ትችላለች። ኤምፒስሪም ዛሬ የፓተንት ጣጣ የለበትም፤ ባለቤቶቹ ፈቃድ መሸጡን በ2017 አቁመዋል። ግን ኤምፒስሪ ይጥላል፣ ፍላክ አይጥልም። ለቤተሰቡ በቴሌግራም የምትልኪውን ቅጂ በኤምፒስሪ ወይም በኦፐስ አድርጊው። የቴሌግራም ቮይስ ራሱ ኦፐስ ነው፣ እሱም ክፍት ነው።

የጀርባውን ሽውታ የሚያጠፋውን መሣሪያ እጅግ በቁጥብ ተጠቀሚበት፤ ዋናውን ፋይል ደግሞ አትንኪው። ከአያትሽ ኋላ ዶሮ ከጮኸ ይጩህ። እሱም የተላከላችሁ ነው። ፋይሉን ስትሰይሚ ማን እንደሚናገር፣ ከየት እንደተላከና ዓመቱን ጻፊበት። አንዱን ቅጂ አንቺ ዘንድ፣ ሌላውን ወንድም ወይም እህት ቤት አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ከቀድሞው ጸሐፊ የተረከብኩትን የመተዳደሪያ ደንብ ፋይል ስከፍት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆንብኛል። ልጆቹ ቫይረስ ነው ይላሉ። (ከአዲስ አበባ፣ ልደታ)

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም። ፋይልዎም አልተበላሸም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው።

ድሮ ለግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ አልነበረውም። የአማርኛ መጻፊያ የሚሠሩ ድርጅቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ እየሰገሰጉ አስቀመጧቸው። ቦታው 256 ብቻ ስለነበር አልበቃም። አንዱ ፊደሉን በሁለት በሦስት ፎንት ከፋፈለው፣ ሌላው እግሩንና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ ገጣጠመው። አሰገሳሰጉ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያይ ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። የእርስዎ ደንብ ውስጥ «አባል» የሚለው ቃል ለኮምፒውተሩ «አባል» ሆኖ አያውቅም፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ድርድር ነው።

የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲወጣ ለፊደላችን ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። «ሀ» ቁጥሯ 4608 ነው፤ ልደታም፣ ሪያድም፣ ቴል አቪቭም። ያ ቁጥር የማንም ድርጅት ንብረት አይደለም። ለእኔ ከየትኛውም አፕሊኬሽን በላይ ለአማርኛ የዋለ ውለታ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ስሙንም አያውቀው።

ለእርስዎ የሚበጀው፦ የታተመው ደንብ ቁም ሳጥን ውስጥ ካለና ገጹ ጥቂት ከሆነ፣ ኮንቨርተር ፍለጋ አይድከሙ። ጽሕፈት ቤት ወስደው እንደ አዲስ በዩኒኮድ ያስተይቡት። የታተመው ከሌለ ቀድሞ ያገለገለውን ኮምፒውተር ወይም ጸሐፊ ይጠይቁ፤ ፎንቱ ከተገኘና ከተጫነ ፋይሉ ይነበባል፣ ያኔ ፈጥነው ያትሙት። አዲሱን በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፎንት ይጻፉት፤ ሁለቱም በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ ማንም ያለ ክፍያ ይጭናቸዋል። ለመጻፊያ ሊብሬኦፊስ ይበቃዎታል፤ ሜኑው በአማርኛም አለ። አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ ያስቀሩ፤ ፎንቱ በውስጡ አብሮ ስለሚገባ ቀጣዩ ጸሐፊ እንደ እርስዎ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን በነጻ ነው የምንጠቀመው፣ ማስታወቂያም የለው። ሰዎቹ ምን ይበላሉ? (ከደሴ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ቪኤልሲ በ1996 ፓሪስ አጠገብ ባለ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ሥራ ሆኖ ተጀመረ፣ በ2001 ኮዱ ተከፈተ። ያቺ ብርቱካናማ ኮን ተማሪዎቹ ከመንገድ እያነሱ ያጠራቅሟቸው ከነበሩት የመጣች ነች። ዛሬ ፕሮጀክቱን የያዘው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። የሚኖረው በልገሳ ነው፤ ከሠሪዎቹ ከፊሎቹ ደግሞ ከቪዲዮ ጋር የተያያዘ አገልግሎት ለድርጅቶች እየሸጡ ነው የሚተዳደሩት። ማስታወቂያ እናስገባበት ብለው ብዙ ገንዘብ ያቀረቡ ነበሩ፤ የማኅበሩ መሪ ዣን ባፕቲስት ኬምፕፍ እምቢ ብሏል። ሁሉንም ፋይል የሚከፍተው ደግሞ ኤፍኤፍኤምፔግ ከሚባለው ሌላ ክፍት ፕሮጀክት የወሰደውን መፍቻ በሆዱ ይዞ ስለሚዞር ነው።

ጥያቄ፦ ግራፊክስ ነው የምሠራው። ፎቶሾፔ ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ) ነው፣ የሁሉም ሰው ክራክ ነው። ወደ ጊምፕ ልግባ ወይስ ዝም ብዬ ልሥራ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልዋሽህም። ጊምፕ ክፍት የፎቶ ማስተካከያ ነው፣ ፎቶሾፕ ግን አይደለም። በ2025 የወጣው 3.0 ብዙ ተሻሽሏል፤ ግን ማተሚያ ቤቱ በሲኤምዋይኬ (በኅትመት ቀለሞች አከፋፈል) አምጣ ካለህ ያንገላታሃል። ለሶሻል ሚዲያ ፖስተርና ለፎቶ ማስተካከያ ከሆነ ግባበት። ሎጎ በኢንክስኬፕ፣ ሥዕል በክሪታ፣ ቪዲዮ በኬደንላይቭ ትሠራለህ። የአኒሜሽን መሥሪያውን ብሌንደርን ደግሞ ማንም አይንቀው። በ2002 ሠሪው ድርጅት ሲዘጋ ተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን አስለቀቁት። በ2025 የአኒሜሽን ኦስካር የወሰደው የላትቪያው ፊልም የተሠራው በእሱ ነው።

ክራኩን በተመለከተ ስለ ሕጉ ሌላ ሰው ይስበክህ። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትጭነው መጀመሪያ ምን አለህ? «አንቲቫይረሱን አጥፋ» አላለህም? የደንበኛህ ፎቶ፣ የባንክ አካውንትህ፣ የቴሌግራምህ መግቢያ ሁሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ለማታውቀው ሰው በሩን ራስህ ከፈትክለት። ፎቶሾፕ እንጀራህ ከሆነ ብር አጠራቅመህ ግዛው። ካልሆነ ከክራክ ጊምፕ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ለሌባም ክፍት ነው ማለት አይደል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ነው። በ2024 የሆነውን ልንገርህ። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ፤ ሊኑክስ በሚባለው ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት በሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት የያዘው አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው እየረዳው፣ እየተባበረው፣ ከሁለት ዓመት በላይ አመኔታ ገዛ። ከዚያ የተደበቀ በር ቀበረበት። ያ በር ሳይታወቅ ቢሰራጭ ኖሮ ብዙ ሰርቨር በአንድ ሰው እጅ ይገባ ነበር።

የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው። ሙከራ ሲሠራ ወደ ማሽኑ መግባቱ በግማሽ ሴኮንድ ገደማ ዘገየበት። ሌላው ሰው ሻዩን ይጠጣ ነበር። እሱ ግን ለምን ብሎ ቆፈረ፤ መቆፈር የቻለውም ኮዱ በእጁ ስለነበር ነው። በተዘጋ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ለድርጅቱ ኢሜይል ልኮ መልስ መጠበቅ ነበር ዕጣው።

ግን ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያሳስበኝ ሌባው አይደለም፤ የደከመው ሰውዬ ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ነገር አንድ ሰው ያለ ደሞዝ ተሸክሞ፣ ደግሞ ዘገየህ ተብሎ ይሰደባል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በዚህ በኩል ያሳፍራሉ።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ይሄን የሚጠቀም አለ? (ከጅማ)

መልስ፦ አንተው። የፋይዳ መታወቂያ ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ውስጥ በተሠራ ክፍት ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ሊኑክስ አለ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ዊንዶውስ 10 ቀረ ተብሏል፣ 11 ደግሞ አይቀበለኝም አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው። ሌላ መግዣ የለኝም። (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ላፕቶፕህ መሥራቱን አያቆምም፤ መደበኛው የጸጥታ ጥገና ግን ቀርቷል። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክር፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ሳትጭነው ከፍላሽ አስነስተህ ልታየው ትችላለህ፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ መሥራቱን ያኔ አረጋግጥ። ለአማርኛ ኪማን የሚባለውን መጻፊያ ጫንበት፣ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደ ድምፁ ትጽፋለህ። አማካሪህ ጽሑፉን በወርድ የሚያርሙ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል፤ ሠንጠረዥና የገጽ ቁጥር ግን አንዳንዴ ቦታ ይለቃል። ስለዚህ እስክታስረክብ ድረስ ታገሥና ከዚያ ቀይር። ከመጫንህ በፊት ያለህን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጥ፤ ሚንቱን የምታዘጋጅበት ፍላሽ ላይ ግን አይሁን፣ እሱ በዝግጅቱ ይደመሰሳል።