ፍላይ ማሰር ለመጀመር፦ መጀመሪያ ዕቃ ወይስ መጀመሪያ ሰው?

ወንድሜ፣ ዴንቨር እንደምትኖርና ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመጃ ፍላይ (መንጠቆ ላይ በክርና በላባ የሚታሰር፣ ነፍሳት የሚመስል ማታለያ) ራስህ ማሰር እንዳማረህ ጽፈህ፣ «ዕቃ ገዝቼ ቤቴ ልሞክር ወይስ የሰፈሩ አጥማጆች ዘንድ ልሂድ?» ብለሃል። ሂድ። ምንም ሳትገዛ ሂድ።

እኔ መጀመሪያ ዕቃ ገዛሁ። የበረዶውን ወራት በሙሉ ከቪዲዮ ጋር ስታገል ከረምኩ። ክሩን ጠበቅ ሳደርግ መንጠቆው ከሞርሳው፣ ማለት ቆንጥጦ ከሚይዘው መሣሪያ፣ ይንሸራተታል፣ ላላ ሳደርግ ላባው ይዞራል። በኋላ የሰፈሩ አጥማጆች ቡድን ዘንድ ስሄድ አንድ አዛውንት ጎኔ ተቀምጠው እጄን አዩና «በጥሰው» አሉኝ። ግራ ገባኝ። «እስኪበጠስ ሳበው፤ አቅሙን እጅህ ይወቀው» አሉ። ሦስት ጊዜ በጠስኩት። ከዚያ ወዲህ ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው አቆማለሁ፤ ላባውም አይዞርብኝም። የክር ውጥረት በዓይን ስለማይታይ ይህን ከቪዲዮ አታገኘውም። ሞርሳውንም ነካ አድርገው «ይሄ ለስላሳ ብረት ነው፣ አይይዝልህም» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የእጄ እየመሰለኝ ኖሬያለሁ።

ሌላው ያረሙኝ የመንጠቆውን ዓይን፣ ማለት የማጥመጃው ናይለን ክር የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ነው። ጀማሪ ላባውንና ክሩን እስከ ጫፍ ይጠቀጥቅና ለመጨረሻው ቋጠሮ ቦታ ያጣል። ወንዝ ዳር ደግሞ ጣት በደነዘዘበት ብርድ ናይለኑ በዓይኑ አልገባ ይላል። ከዓይኑ ኋላ የዓይኑን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ባዶ ተው።

መጀመሪያ ዉሊ በገር የሚባለውን ባለ ላባ ጅራት ፍላይ እሰር፣ በ8 ወይም በ10 ቁጥር መንጠቆ። ጅራቱ የመንጠቆውን ዘንግ ያህል ይርዘም። የጅራቱ ላባ ማራቡ ይባላል፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት የሚሻማው የእኛ አባ ኮዳ ስም ነው። ዛሬ የሚሸጠው ግን የተርኪ ላባ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ነፍስ እንዳለው ይርገበገባል፣ ስታየው ትወደዋለህ። አሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ሳታስር ወደ ሌላ አትለፍ። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ የሚፈለጉት ትንኝ የሚያካክሉ 20 እና 22 ቁጥሮች ይቆዩህ፤ ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል።

ትራውት አንሊሚትድ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሚሺጋን የተመሠረተው ማኅበር ኮሎራዶ ውስጥ ቅርንጫፎች አሉት፤ እነሱን ወይም የፍላይ ሱቆችን ጠይቅ። ለጀማሪ ሞርሳ ያውሱ እንደሆነም ደውለህ አጣራ። የቅርብ መነጽር ካለህ አትርሳው፤ ደግሞም ጎበዝ ከሚያስር ሰው ፊት ለፊት ሳይሆን ጎኑ ተቀመጥ፣ እጁ እንዳይገለበጥብህ።