ያልተነሡት ፎቶግራፎች

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ በሠርግና በምረቃ ሥራ የምተዳደር ፎቶ አንሺ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነው። ካሜራ ከያዝኩ ጀምሮ በዚያ ሰፈር ጧት ማታ ብመላለስም አንድም ቀን ሆነ ብዬ አላነሣሁትም። በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ደግሞ ለሠርግ ሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። ዛሬ ኮምፒውተሬ ውስጥ ስማቸውን እንኳ የማላስታውሳቸው ሙሽሮች ሞልተዋል፤ የእናቴ ጎረቤቶች ደጃፍ ግን የለም። ሌላም የሚያብሰለስለኝ ነገር አለ። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት አንዲት እናት ቤታቸው ሲለካ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዘልኝም። የሙያ ጓደኞቼ «የዕድሜህ ፎቶ አመለጠህ» ይሉኛል። እውነት አመለጠኝ? አሁንስ ምን ላድርግ?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ደብዳቤዎ ሁለት የተለያዩ ጸጸቶችን በአንድ ላይ አስሯልና ለየብቻ ማየቱ ይሻላል። አንደኛው ሳያስቡት የቀረ ፎቶ ነው፤ ሁለተኛው እያዩት ያልፈለጉት ፎቶ ነው። በሁለተኛው ልጀምር።

እኚያን እናት ባለማንሣትዎ የሚጸጸቱበት ምክንያት አይታየኝም። ጓደኞችዎ የሚቆጥሩት የፎቶውን ኃይል ብቻ ነው፤ ፎቶው ቢነሣ እርስዎ አብረውት የሚኖሩትን ነገር አይቆጥሩም። ደቡብ አፍሪካዊው ኬቪን ካርተር እ.ኤ.አ. በ1993 ሱዳን ውስጥ በረሃብ የወደቀ ሕፃንንና ከኋላው ያረፈውን ጥንብ አንሣ አንሥቶ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ቢያገኝበትም፣ «ሕፃኑን ለምን አልረዳህም?» የሚለው ጥያቄ ከሽልማቱ ጋር አብሮ ተከትሎታል። ማንሣትም እንደ አለማንሣቱ ዕዳ አለው ማለት ነው። ይህን ስል ግን ሐዘን ፈጽሞ አይነሣ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ የዚህ አገር የመከራ ዘመን ሁሉ ያለ ማስረጃ ይቀር ነበር። በመካከሉ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ብቻ ልብ ይበሉ፤ ካሜራውን ወደ ጎን አድርጎ አጠገባቸው መቀመጥና ማጽናናት ይቻል ነበር። ከዚያ በኋላ «ከነቤቴ አንሣኝ» የሚሉት ራሳቸው ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ የሰፈር ልጅ ስለሆኑ ደግሞ ይህ ዕድል ከማንም ይልቅ ለእርስዎ ቅርብ ነበር።

የመጀመሪያው ጸጸት ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም። ፎቶ አንሺዎች ስላመለጣቸው ነገር ሲጨዋወቱ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት በቅጽበት ስላለፈ ነገር ነው፤ ካርዱ ሞልቶ፣ ባትሪው አልቆ፣ ሌንሱ ሌላ ሆኖ ስላመለጣቸው። እንዲህ ዓይነቱ ብስጭት እስከ ማታ ይቆይ ይሆናል እንጂ ዕድሜ የለውም። ዓመታት አልፈውም የሚቆጠቁጠው ሁልጊዜ እዚያው የነበረው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለማንሣት ጊዜ አልነበረኝም ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

ይህ ጉድለት ከከተማችን የፎቶ ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉትን የአርመኖቹን የቦያጂያን ቤተሰብ ሥራዎች የተመለከተ ሰው ንጉሣውያኑን፣ መኳንንቱንና ወይዛዝርቱን ከነካባቸውና ከነጌጣቸው ያገኛል። በኋላ በፒያሳ የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም የከተማውን ሰው የክት ልብሱን አስለብሰው በተሳለ መጋረጃ ፊት አቁመውታል። ከፎቶ ቤቱ በር ውጭ የነበረው ጉሊት፣ የውኃ ወረፋው፣ የጭቃው መንገድ ግን የተነሣው እጅግ በጥቂቱ ነው። በእርግጥ ለእነዚያ ባለሙያዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው። አንድ ፊልም 36 ፎቶ፣ ሰፋ ያለው ፊልም በአራት ማዕዘኑ ካሜራ 12 ፎቶ ብቻ ይዞ፣ በዚያ ላይ የማጠቢያውና የማተሚያው ወጪ ተጨምሮ፣ ማንም ከፋይ የሌለውን ግድግዳ ለማንሣት ልብ ይጠይቅ ነበር። የዛሬው ባለሙያ ያ ወጪ የለበትም፤ ዓይኑ ግን አሁንም የሚከፈልበትን ነገር ብቻ እንዲያይ ሆኖ የሠለጠነ ነው።

«ጥሩ ብርሃን ሲኖር እመለሳለሁ» የሚለውም አባባል ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ማመካኛ ነው። ለምሳሌ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለውን ማዘጋጃ ቤት እንመልከት። የሕንፃው ፊት ወደ ደቡብ፣ ወደ ለገሃር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ የሕንፃው ፊትም በቀትር በራሱ ጥላ ውስጥ ይወድቃል። በታኅሣሥና በጥር ግን ያው ፀሐይ በደቡብ በኩል ሆና ፊቱን ታበራዋለች። እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱን ለማንሣት ታኅሣሥን መጠበቅ የባለሙያ ትዕግሥት ነው። ሊፈርስ ምልክት የተደረገበትን የጭቃ ቤት ለማንሣት ግን በሐምሌ ደመና ሥር፣ በቀትርም ቢሆን፣ ያለውን ብርሃን መጠቀም ነው። መጥፎ ብርሃን ያለው ፎቶ ጨርሶ ካልተነሣው ይሻላል።

በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን በመስቀል አደባባይ የሚሆነውንም መጥቀስ ይገባል፤ የብዙ ባልደረቦች ጸጸት ከዚያ ስለሚመነጭ። ደመራው ሲለኮስ ሌንስ ሁሉ ወደ እሳቱ ይዞራል፤ ሁሉም ተመሳሳይ ነበልባል ይዞ ይገባል። የእሳቱ ብርሃን ያረፈባቸው ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶቻቸው ትከሻ ላይ የተቀመጡ ልጆች ግን ከፎቶ አንሺው ጀርባ ነበሩ። ዞር ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

አሁን ምን ላድርግ ላሉት፣ የናቋቸውን የሙሽሮች ፋይሎች መልሰው ይክፈቱ። ከዚያ ሰፈር ሙሽራ ያወጡበት ቀን ካለ፣ ለደንበኛ ያልሰጧቸውንና ያልተቆረጡትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ከአጃቢዎቹ ጀርባ በሩ፣ የቆርቆሮው አጥር፣ የሱቁ መስኮት ሊኖር ይችላል። ቀጥሎም ወደየአቅጣጫው የተበተኑትን የቀድሞ ጎረቤቶች አልበም እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ የክርስትና፣ የልደትና የቡሄ ፎቶ ሁሉ ከኋላው ሰፈር አለው። እያንዳንዱን ሲገለብጡ ማን እንደሆነ፣ የት በር ላይ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይጻፉ። የካሜራ ሰዓት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ ትክክል ሲሆንም ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ የእኛን ቀን አብረው ያስፍሩ። ያላነሧቸውን እናት ሁኔታም በጽሑፍ ያስቀምጡት፤ ምን ለብሰው እንደነበር፣ ምን እንዳሉ፣ በሩ ምን ቀለም እንደነበረው።

ጥያቄ፦ አባቴ ለረጅም ዓመታት ፎቶ ቤት ነበረው። ካረፈ በኋላ አልበማችንን ስንፈትሽ እሱ የለበትም፤ ሁላችንንም ሲያነሣ ኖሮ እሱን ያነሣው የለም። የተረፈን አንድ ካርቶን ኔጋቲቭ ነው። ምን እናድርገው?
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ካርቶኑን ሳትጥሉ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ የየፊልሙን ጫፍ ይመልከቱ። ፎቶ አንሺዎች ፊልሙን ለማጠብ ሲቸኩሉ የተረፉትን ሁለት ሦስት ፎቶዎች በአጠገባቸው ባገኙት ነገር ይጨርሱ ነበር፤ ረዳታቸው ካሜራውን ተቀብሎ እሳቸውን ያነሣቸውም እዚያው ላይ ሊገኝ ይችላል። በመስተዋትና በቪትሪን ላይ ያረፈ ምስል፣ ከደንበኛው እግር ሥር የወደቀ የፎቶ አንሺ ጥላም አይናቁ። ከካርቶኑ ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ ከመጣ አንዳንዱ ፊልም መበላሸት ጀምሯል ማለት ነውና የሚሸተውን ለይተው፣ አስቀድመው እሱን ያስገልብጡ። ቀሪውን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ኤንቨሎፕ አድርገው እርጥበትና ሙቀት በሌለበት ቦታ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ሰው ማንሣት ሕጉ የሚከለክል እየመሰለኝ ስንት ነገር አልፌያለሁ። እውነት ያስከስሳል?
(ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሚከለክለው የአንድን ሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ነው። ቁጥር 28 ደግሞ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም የመንግሥት ሹመት ያለው ሲሆን፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ድርጊትና ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ የጥምቀትን ሕዝብ በጃንሜዳ ማንሣትና ማሳተም አንድ ነገር ነው፤ አንዲትን ቡና አፍይ ለይቶ አንሥቶ ፎቶዋን ለማስታወቂያ መሸጥ ሌላ ነው። አንሥተው ሲያበቁ ሄደው ያሳዩ፣ ይጠይቁም፤ እምቢ ካሉ አያውጡት። ሕፃናትን ግን ወላጅ ሳይጠይቁ ባያነሡ ይመረጣል።