መሬት ለሕዝብ መናፈሻ ስንሰጥ ታክሱ እንዴት ነው? ጋሽ ታክስን ጠይቁ

ጋሽ ታክስ፦ አሜሪካ ውስጥ ለከተማ ወይም ለካውንቲ መናፈሻ መሬት መስጠት ያሰበ ይጠይቅ። አስቀድሜ ልናገር፦ መጀመሪያ የመሬቱን ዋጋ የሚተምን ገማች፣ ከዚያ ፊርማ!

የሪችመንዷ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? 200,000 ዶላር የሚያወጣ ባዶ መሬት አለኝ። ለልጆች መጫወቻ ብሰጠው 200,000ው ከታክሴ ይቀነሳል?

ጋሽ ታክስ፦ ከታክስሽ ሳይሆን ታክስ ከሚታሰብበት ገቢሽ ነው የሚቀነሰው። ከዓመት በላይ ከያዝሽው በገበያ ዋጋው ይያዝልሻል፤ ግን በዓመት ከገቢሽ 30 በመቶ አያልፍም። የተረፈው ለ5 ዓመት ይሻገራል። ገቢሽ 100,000 ነው እንበል፦ በዓመት 30,000፣ በ6 ዓመት 180,000። ቀሪውን 20,000 ውሃ በላው።

ደግሞ ያለሽው ቨርጂኒያ ነው። መሬቱ ለዘለቄታው እንዲጠበቅ ተሰጥቶ መስፈርቱን ካሟላ ስቴቱ የዋጋውን 40 በመቶ ክሬዲት፣ ማለትም ከስቴት ታክስሽ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ፣ ይሰጣል። ሰዉ እዚህ ጋ ይጨፍራል! ከ2018 ወዲህ ግን የስቴት ክሬዲት ከ15 በመቶ ካለፈ ያንኑ ያህል ከፌዴራሉ ተቀናሽ ላይ ይነሳል። 80,000 ክሬዲት ካገኘሽ ለፌዴራል የሚቀርልሽ 120,000 ነው።

ዳላስ፦ ገማች ስንት ያስከፍላል?

ጋሽ ታክስ፦ ደውለህ ጠይቀው።

የሲያትሏ፦ ካውንቲው በየዓመቱ የሚልክልኝ የንብረት ግምት አይበቃም?

ጋሽ ታክስ፦ አይበቃም፣ አይበቃም! ከ5,000 ዶላር በላይ ለሆነ መሬት ብቁ የሆነ ገለልተኛ ገማች ግድ ነው። ግምቱ ከስጦታው ቀን ከ60 ቀን በላይ ቀድሞ የተሠራ መሆን የለበትም። ከታክስ ሪተርንሽ ጋር በሚገባው ፎርም 8283 ላይ ገማቹም ተቀባዩም ይፈርማሉ። ከ500,000 ካለፈ ራሱ የግምት ሰነዱ ይያያዛል። በ2012 የታክስ ፍርድ ቤት የወሰነውን ስሙ፦ ሰውየው ራሱ የንብረት ገማች ስለነበር ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታውን ራሱ ገመተ። አንድ ሳንቲም ሳይቀነስለት ቀረ። ስጦታውን ማንም አልካደውም፣ ወረቀቱ ነው የገደለው።

ቆለኛው፦ አዲስ አበባ ያለኝንስ ቦታ?

ጋሽ ታክስ፦ ለውጭ መንግሥት የተሰጠ ተቀናሽ የለውም። ቀጣይ።

ዳላስ፦ ደግሞ እዚያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሌለህን ነው የምትሰጠው?

ቆለኛው፦ ካርታ አለኝ እኮ! አባቴ የኖረበት ነው።

ዳላስ፦ ካርታው የይዞታ ነው። ሕገ መንግሥቱን፣ አንቀጽ 40ን አንብብ።

ቆለኛው፦ አንተ ዳላስ ተቀምጠህ...

ጋሽ ታክስ፦ ኧረ ወንድሞቼ! ይሄን በስልክ ጨርሱት።

ኮንትራክተሩ፦ ከተማው ለግንባታ ፈቃድ ብሎ ጥግ ላይ ለመናፈሻ መሬት አስለቀቀኝ። ይቀነስልኛል?

ጋሽ ታክስ፦ ፈቃድ አግኝተህበታል፤ ስጦታ አይባልም። ለመሸጥ የያዝከውን መሬት በነፃ ብትሰጥ እንኳ ተቀናሹ ከገዛህበት አያልፍም።

የሲያትሏ፦ ሞርጌጅ ካለበትስ?

ጋሽ ታክስ፦ ዕዳው እንደተከፈለሽ ገንዘብ ይቆጠራል። በከፊል ሸጠሽ በከፊል ሰጠሽ ማለት ነው፤ በሸጥሽው በኩል ታክስ ሊመጣብሽ ይችላል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለቤቱ፣ አሁን ነው የገባሁት። መሬት ብሰጥ ስንት ይመለስልኛል?

ጋሽ ታክስ፦ የስንት ዶላር መሬት? ገቢህ ስንት? የት ስቴት? ከላይ ሳታነብ አትጠይቀኝ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ጋሼ። ባለፈው ወር ለካውንቲው ፈርሜ አስረክቤያለሁ። ገማች የሚባል አላየሁም።

ጋሽ ታክስ፦ ምን ነበር ያልኩት! በል አትደንግጥ፣ ግምቱ እጅህ መግባት ያለበት የዘንድሮው ሪተርን ማስገቢያ ቀን ሳያልፍ ነው። ካውንቲውንም በምላሹ ምንም እንዳልሰጠህ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቅ። ነገ ጠዋት ደውል፣ ከቡና በፊት።