ለልጄ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምን ታዘዘላት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ 14 ዓመቷ ነው። አንድ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ታነጋለች፣ ወሬዋም አያልቅም። ከዚያ ደግሞ ለሳምንታት ከአልጋ አትወርድም፣ ታለቅሳለች። የአእምሮ ሐኪሙ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ነው ብሎ ላሞትሪጂን የሚባል መድኃኒት አዘዘላት። ወረቀቱን ሳነበው «ለሚጥል በሽታ» ይላል። እሷን ግን ጥሏት አያውቅም። አሁን የሰባት ቀን ጠበል ልናስገባት ነው። «ከጠበል ጋር አይሄድም፣ እስክትጨርስ አቋርጪው» አሉኝ። ላቋርጥ? መድኃኒት መስጠቴስ እምነት ማነስ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አያቋርጡት። ይህን ያስቀደምኩት ጉዳዩ ስለሚያስፈራኝ ነው።

መድኃኒቱ መጀመሪያ የወጣው ለሚጥል በሽታ መሆኑ እውነት ነው። ቆይቶ ግን የዚህ ቤተሰብ አንዳንድ መድኃኒቶች የሚዋዥቅ ስሜትንም እንደሚያረጋጉ ታወቀ። ላሞትሪጂን በአሜሪካ ለአዋቂዎች ባይፖላር የተፈቀደው በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። በልጆች ላይ ያለው ማስረጃ ከአዋቂዎቹ ያነሰ ነው፤ ሐኪሙ የሚያዘው ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ነው። ስለዚህ «ለምን ይህን መረጡ?» ብለው ይጠይቁት። መብትዎ ነው።

የሚጥል በሽታ ቢሆንስ ኖሮ? ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ወዲያው ጋኔን ይላል። ማቴዎስ 4፥24ን ያንብቡ። ወደ ጌታ ከመጡት መካከል አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን፣ ለየብቻ ይጠራቸዋል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ለምን አንድ እናደርገዋለን? ልጅዎ ላይ እንዲህ ያለ ስም አይለጠፍባት፤ ልጅ የሰማችውን አትረሳም።

አሁን ወደ ሰባቱ ቀን። ላሞትሪጂን በጣም በትንሽ መጠን ተጀምሮ በየሳምንታቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። እንዲህ የሚደረገው ቆዳን በሚያቆስል ከባድ ሽፍታ ምክንያት ነው። ሽፍታው ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ከ16 ዓመት በታች ባሉት ግን አደጋው ከፍ ይላል። ሰባት ቀን አቋርጣ በስምንተኛው ቀን የነበረውን መጠን ብትውጥ፣ ሰውነቷ ያለ ዝግጅት ሙሉውን እንደተቀበለ ነው። ለተከታታይ ቀናት ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ትንሽ መጠን እንደገና ይጀመራል። ያም በሐኪም ትእዛዝ ነው። ምን ያህል ሳምንት እንደደከማችሁበት ያስቡት!

ሽፍታ ከወጣባት፣ በተለይ ትኩሳት ካላት ወይም አፏና ዓይኗ ከቆሰለ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይሰጧት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዷት። አንድ ሌላም አለ። ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር ራስን የመጉዳት ሐሳብ በጥቂቱ ሊጨምር እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አስጠንቅቀዋል። ሕመሙ ራሱም ይህን ያመጣል። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች አይቆጧት፣ «ጸልዪ» ብለውም አይለፏት። አጠገቧ ሆነው ወዲያው ሐኪም ያግኙ።

እምነት ማነስ ነው ወይ ላሉኝ፣ ንጉሡን ሕዝቅያስን ላስታውስዎ። ታሞ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ፤ 15 ዓመት ጨመረለት። ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲለጥፉለት አዘዘ። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ እኮ ነው! እኔ ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጸሎቱና ጥፍጥፉ አንድ አልጋ አጠገብ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላባረረም። ሲራክ 38ም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ስለዚህ ጠበሉን ትጠመቅ፣ ትጠጣም። ክኒኑንም በሰዓቱ ትዋጥ፤ ይዛችሁት ሂዱ። የምትቆርብበት ቀን ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ እንድትወስደው ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን ያነጋግሩ፤ ለታመመ ልጅ ቤተ ክርስቲያን እናት ናት።

የክርስትና ስሟን ይላኩልኝ፣ በጸሎት አስባታለሁ።